ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የሚያትም መኪና ስለ መምረጥ

አባትና እናት ያፈሩት ሀብት ለልጆች ሲከፈል ቤቱ በክፍል፣ መሬቱ በካሬ ሜትር፣ ገንዘቡም በብር ተቈጥሮ ለያንዳንዱ ድርሻው ይሰጠዋል። እኔ በፍርድ ቤት መዝገብ ስጽፍ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛልና ይህን ነገር ዘወትር አየዋለሁ። ነገር ግን በብዙ ሰው ቤት ሊከፈል የማይቻል፣ ግምቱም በመዝገብ የማይጻፍ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የወላጅ ፎቶግራፍ ነው። ስለ ቤት ተካሰው በሽማግሌ የታረቁ ወንድማማቾች፣ አንዲት አሮጌ ፎቶግራፍ በማን እጅ ትቀመጥ በማለት ግን ተኰራርፈው ዓመት ሲያሳልፉ አውቃለሁ።

በእኛም ቤት ያለችው አንዲት ብቻ ናት። አባታችን በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ ከነበሩት ፎቶግራፍ ቤቶች በአንደኛው የተነሣት፣ ቁመቷ 12 ወርዷም 9 ሴንቲ ሜትር የሆነች፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ናት። ነጭ ኩታ ደርቦ፣ አንድ እጁን በወንበር ላይ አሳርፎ ቆሟል። ሌላ ጊዜ ተነሥቶ እንደ ሆነ ለእኛ አልደረሰንም። እናታችን ስልሳ ዓመት ያህል በዳዊቷ ማኅደር ውስጥ አኑራት ስለ ኖረች ጠርዟ ተልጧል፤ ጥቁሩም በዳር በዳሩ እንደ ብር ማንጸባረቅ ጀምሯል። እኛ ልጆቿ ስድስት ነን። እኔ አባቴ ሲሞት የአራት ዓመት ሕፃን ነበርሁና ፊቱን የማውቀው በዚህች ወረቀት ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ለትንሣኤ በዓል ተሰብስበን ሳለን ለስድስታችንም ቅጂ ይታተምልን ብለን ተስማማን። ጸሐፊነት የእኔ ስለ ሆነ ሥራውም በእኔ ላይ ወደቀ። ፎቶግራፏን ወደ አንድ ማተሚያ ቤት ወሰድሁ፤ ስሙን አልጠራም። በማግሥቱ የተቀበልሁትን እናታችን በመስኮት ብርሃን ይዛ ብዙ ጊዜ ተመለከተችውና፣ «ልጄ፣ ይኼ ታሞ ሳለ የተነሣው ነው እንዴ? ፊቱ እኮ አረንጓዴ መስሏል» አለችኝ። እውነቷን ነበር። በቀን አረንጓዴ ይመስል የነበረው ያው ወረቀት ማታ በአምፑል ሲታይ ወደ ቀይነት ያደላ ነበር። ወደ ሁለተኛ ቤት ሄድሁ። በዚያ ያለው ጐልማሳ ሳንጠይቀው ፊቱን በኮምፒዩተር አጥቦ፣ ቈዳውን አለስልሶ፣ ጠይም መልኩንም አቅልቶ አተመልኝ። እናታችን ይህን ስታይ ፈገግ ብላ፣ «ይኼስ መልከ መልካም ሰው ነው፤ ነገር ግን አላውቀውም» አለች።

ከዚህ በኋላ ነገሩን ራሴ ለመመርመር ተነሣሁ። የመኪና ነገር ለፍርድ ቤት ጸሐፊ ምኑ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ነገሩ ከመኪናው ይልቅ የቀለም ነገር ሆኖ ስላገኘሁት ከሥራዬ የራቀ አይደለም እላለሁ።

ቀለም እየረጨ የሚያትመው መኪና፣ በተለመደው ስሙ ኢንክጄት ፕሪንተር፣ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ጠብታዎችን በወረቀት ላይ ያሳርፋል። የአንዱ ጠብታ መጠን ጥቂት ፒኮ ሊትር ነው፤ ፒኮ ሊትር ማለትም አንድ ሊትር በትሪሊዮን ተከፍሎ የሚደርሰው ነው። ጠብታውን የሚያስወጣበት ጥበብ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቀለሙን በቅጽበት አግሎ በሚፈጠረው አረፋ ይገፋዋል፤ ይህንንም የካኖን ኩባንያ ሰዎች በ1977 የጋለ የብየዳ ብረት የቀለም ሲሪንጅ መርፌ ነክቶ ቀለሙ ሲፈናጠር አይተው እንዳሰቡት ይነገራል። (የመኪናዎቹን ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ።) ሁለተኛው፣ ኤፕሰን የያዘው መንገድ፣ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ቅርጹን በሚለውጥ ክሪስታል እየገፋ ያስወጣዋል። ለገዢ ግን ይህ ልዩነት ብዙ አያሳስበውም። የሚያሳስበው ግራጫው ከምን እንደሚሠራ ነው።

ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ስሙ ነው እንጂ አብዛኛው አካሉ ግራጫ ነው። መኪናው አንድ ጥቁር ቀለም ብቻ ያለው እንደ ሆነ ፈዛዛውን ግራጫ በጥቁር ጠብታ ሊሠራው ይቸግረዋል፤ ጠብታዎቹን አራርቆ ቢያሳርፋቸው እንደ ቁንጫ ነጥብ ነጥብ ብለው ይታያሉና። ስለዚህ ሰማያዊውንና ሮዛውን ቢጫውንም ቀላቅሎ ግራጫ ያስመስለዋል። ሦስቱ ተመዛዝነው ሲገኙ መልካም ነው፤ አንዱ በጥቂት ሲበልጥ ግን ግራጫው ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል። ይህም ቢስተካከል እንኳ የተቀላቀለ ግራጫ በፀሐይና በመብራት አንድ ሆኖ አይታይም። እናታችን ያየችው ይህንኑ ነው። ደግሞም ጠይም ፊት በጥቁሩና በመካከለኛው ግራጫ መካከል የሚገኝ ስለ ሆነ፣ በነጭ ሰው ፊት ላይ የማይታወቅ ጕድለት በእኛ ፊት ላይ ወዲያው ይገለጣል። የአባቴ ኩታ በየትኛውም ቤት ነጭ ሆኖ ታትሟል፤ ፈተናው ያለው በጕንጩና በዓይኑ ሥር ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ቀለሙ ራሱ ምን ዓይነት ነው የሚል ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ የኔታ ቀለም ያሠሩን ነበር። ጥላሸት ከድስት ቂጥ ፍቀን፣ የተቈላ እህልና ሙጫ ጨምረን፣ በውኃ በጥብጠን ለወራት እናስቀምጠው ነበር። ሽታውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ኋላም በሚስዮን ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህራችን በሁለት ብርጭቆ ውኃ ቀድተው፣ ባንዱ ጨው በሌላው ጭቃ በጥብጠው አሳዩን። ጨው በውኃው ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል፤ ጭቃው ግን ቅንጣቱ ሳይሟሟ በውኃው ውስጥ ይንሳፈፋል። ያን ጊዜ የየኔታ ቀለም ከጭቃው ወገን እንደ ሆነ ገባኝ፤ ጥላሸቱ አይሟሟምና፣ ውኃው ሲደርቅ በሙጫው ተጣብቆ በብራናው ላይ ይቀራል።

የፕሪንተርም ቀለም እንዲሁ ሁለት ወገን ነው። ዳይ የሚሉት እንደ ጨው የሚሟሟ ነው፤ ወደ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ ደማቅና አንጸባራቂ ነው፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ነገር ግን ብርሃንና አየር ቶሎ ይነኩታል። ፒግመንት የሚሉት እንደ ጭቃው ቅንጣቱ ሳይሟሟ የሚኖር ነው። በዚህ ወገን ያለው ጥቁር የሚሠራበት ነገር ካርቦን ነው፤ ካርቦን ማለትም በመሠረቱ ጥላሸት ማለት ነው። በቶኪዮ የሚያስቡ መሐንዲሶች ለጥቁር ቀለም የኔታ ከድስት ቂጥ ያስፋቁንን ነገር መርጠው ስላገኘኋቸው እጅግ ደስ አለኝ።

የዚህ ጥበብ ታሪክ ረዥም ባይሆንም ለገዢ ትምህርት አለበት። ግራሃም ናሽ የሚባለው ዘፋኝ ፎቶግራፍ አንሺም ሰብሳቢም ስለ ነበረ፣ ለሌላ ሥራ፣ ይኸውም ለማተሚያ ቤቶች የሙከራ ገጽ ለማውጣት የተሠራውን አይሪስ 3047 የሚባል መኪና ገዝቶ ለፎቶግራፍ እንዲሆን አሠራው፤ በ1991ም በካሊፎርኒያ ማንሐተን ቢች ናሽ ኤዲሽንስ የሚባለውን ማተሚያ ቤት ከፈተ። ያ መኪና ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶንያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል። በመጀመሪያ ይጠቀሙበት የነበረው ቀለም ግን የዳይ ወገን ስለ ነበረ ቶሎ ይደበዝዝ ነበር። በ2000 ኤፕሰን ለቤት የሚሆን የፒግመንት መኪና፣ 2000ፒ የሚባለውን አወጣ። ይህ ዕድሜው የረዘመ ሲሆን፣ ጥቁርና ነጩ በፀሐይ ብርሃን ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል ተብሎ ብዙ ተወቀሰ። በ2005 ደግሞ ይኸው ኩባንያ ሦስት ጥቁር በአንድነት የሚያሠራ ቀለም አወጣ፤ አንዱ ፍጹም ጥቁር፣ ሁለተኛው ፈዛዛ ጥቁር፣ ሦስተኛውም ከዚያ የፈዘዘ ነው። ከዚህ ወዲህ ፈዛዛው ግራጫ በእውነተኛ ግራጫ ጠብታ ይሞላል፤ ከሌሎቹ ኅብሮች የሚጨመረው እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ጥቂቱ የሚጨመርበትም ምክንያት አለ፤ ካርቦን ብቻውን ሲፈዝ ወደ ቡናማ ያደላልና።

በአሜሪካ በቨርሞንት የሚሠራው ጆን ኮን ከዚህም አልፎ ሄዷል። የፕሪንተሩን ባለ ኅብር ቀለም ሁሉ አውጥቶ፣ በየቦታው ከጥቁር እስከ ፈዛዛ ግራጫ በደረጃ የተዘጋጀ ቀለም ያስገባል። ለአዋቂ ሰው ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን መኪናው የሠርግ ፎቶግራፍ በኅብር አትምልኝ ቢሉት ከዚያ ወዲያ አይችልም፤ ስለዚህ ለቤተ ሰብ የሚሆን መስሎ አልታየኝም።

እንግዲህ ወደ ቤታችን ክርክር ልመለስ። ታናሽ ወንድሜ ነጋዴ ነውና ነገርን ሁሉ በሒሳብ ይመዝናል። «ጋሼ፣ ቀለሙ ከጠርሙስ የሚሞላ መኪና እያለ በካርትሪጅ የሚሠራውን ስለምን እንገዛለን? የካርትሪጁ ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል» አለኝ። ነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ቀለማቸው ከጠርሙስ የሚሞላው የኤፕሰን ኤል 805 እና ኤል 1800 ለባለ ኅብር ፎቶግራፍ የሚመሰገኑ ናቸው። ስድስት ቀለም አላቸው፤ ሁሉም የዳይ ወገን ነው፤ በመካከላቸውም ግራጫ የለም። በ2021 የወጣው ኢቲ 8550 አንድ ግራጫ ስለ ተጨመረለት ለጥቁርና ነጭ ከእነርሱ ይሻላል፤ ለፎቶግራፍ የሚሠራበት ቀለም ግን አሁንም ዳይ ነው። ገንዘቡ ለማይበቃ ሰው ይህን አልነቅፍበትም። ፎቶግራፉ በአልበም ተዘግቶ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ወይም በየአሥር ዓመቱ እንደ ገና አሳትማለሁ የሚል ከሆነ ይበቃዋል።

ለግድግዳና ለልጅ ልጅ የሚታሰብ ከሆነ ግን ፒግመንት ያለውን፣ ከጥቁሩ ሌላ ቢያንስ አንድ፣ ቢቻል ሁለት ግራጫ ያለውን መምረጥ ይገባል። ከኤፕሰን በ2020 የወጡት ፒ 700 እና ፒ 900 ባለ አሥር ቀለም ናቸው፤ የመጀመሪያው እስከ 33፣ ሁለተኛው እስከ 43 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለውን ወረቀት ይቀበላሉ። ከካኖን ፕሮ 300 ባለ አሥር፣ ፕሮ 1000 ባለ አሥራ ሁለት ናቸው። ሁሉም ፒግመንት ነው። ፕሮ 200 የሚባለው ግን ስሙ ቢመሳሰልም ዳይ ስለ ሆነ ገዢ በስም እንዳይታለል ይጠንቀቅ። የቀለም ብዛት ብቻውንም ምስክር አይሆንም፤ ስምንት ቀለም ኖሮት ግራጫ የሌለው መኪና አለና፣ ስንት ቀለም አለው ከማለት ይልቅ ከነዚህ ስንቱ ጥቁርና ግራጫ ነው ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ከሻጭ ቃል ይልቅ የሚታመን አንድ ፈተና አለ። ከነጭ እስከ ጥቁር በሃያ አንድ ደረጃ የተከፈለ፣ እንደ መሰላል ያለ ሥዕል በማስታወሻ ይዞ ሄዶ፣ እባክህ ይህን አትምልኝ ማለት ነው። የታተመውንም መጀመሪያ በደጅ፣ ቀጥሎ በመብራት ሥር መመልከት ነው። ከደረጃዎቹ አንዱ አረንጓዴ ወይም ሮዛ ከመሰለ፣ ወይም የመጨረሻዎቹ ሦስትና አራት ጥቁሮች ተጣብቀው አንድ ከሆኑ፣ ያ መኪና ጠይም ፊት አይችልም። እኔ ይህን ወረቀት ይዤ አራት ሱቅ ዞርሁ። በሁለቱ አመሰገኑኝ፤ በአንዱ ሳቁብኝ፤ በአራተኛው ባለ ሱቁ ራሱ ወረቀቱን አስቀርቶ ለደንበኞቹ ማሳያ አደረገው።

ወረቀትን በተመለከተ ደግሞ ታላቅ እኅታችንና እኔ አልተስማማንም። እትዬ የሚያንጸባርቀውን ወደደች። እኔ ከጥጥ የተሠራውንና የማያንጸባርቀውን ወደድሁ፤ በእጅ ሲይዙት ብራና ይመስላልና። በጀርመን አገር ሃነሙሌ የሚባለው ወረቀት ሠሪ ከ1584 ጀምሮ የቆመ ነው፤ እንዲህ ያለውን ለፕሪንተር አዘጋጅቶ ይሸጣል። እውነቱን ለመናገር ጥቁሩ ጠልቆ የሚታየው በሚያንጸባርቀው፣ ይልቁንም ባሪታ በሚሉት ወረቀት ላይ ነው፤ በጥጡ ላይ ጥቁሩ ለስለስ ይላል። መኪናውም ለሁለቱ ወረቀት ሁለት የተለያየ ጥቁር አለው። በቀደሙት አንዳንድ መኪናዎች ሁለቱ ጥቁሮች በአንድ ቧንቧ ስለሚያልፉ፣ ወረቀት በተለወጠ ቍጥር ቧንቧውን ለማጠብ ብዙ ቀለም ይፈስ ነበር፤ በ2020ዎቹ መኪናዎች ይህ ቀርቷል። የትኛውም ቢመረጥ፣ እጅግ ነጭ እንዲመስል ማንጪያ የተጨመረበትን ወረቀት ለዘለቄታ አለማድረግ ነው፤ ማንጪያው ሲደክም ወረቀቱ ወደ ቢጫ ይመለሳልና።

የፎቶግራፍን ዕድሜ በመመርመር የታወቀው አሜሪካዊው ሄንሪ ዊልሄልም፣ በመልካም ወረቀት በፒግመንት የታተመ ጥቁርና ነጭ በመስተዋት ውስጥ ሲሰቀል ከመቶ ዓመት በላይ ይቈያል ብሎ ገምቷል። ግምት ነው፤ በኃይለኛ መብራት ተፈትኖ የተሰላ ነውና። በሶፋ ራስጌ፣ ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው ግድግዳ ላይ ለሚሰቅል ሰው ይህ ግምት አይሆንለትም።

የመረጥነውን መኪና ስም አልጠቅስም፤ ይህ ገጽ የሱቅ ማስታወቂያ አይደለምና። ሦስት ጥቁርና ግራጫ ያለው፣ ፒግመንት የሆነ፣ በስድስታችን መዋጮ የተገዛ ነው። የወንድሜንም ክርክር የፈታችው በዱባይ የምትሠራው እኅታችን ናት፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ስትመጣ ካርትሪጁን ይዤ እመጣለሁ ስላለች ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለው፣ መኪናውን ከመግዛቱ በፊት ቀለሙ በከተማው ይገኝ እንደ ሆነ ይጠይቅ።

አሮጌዋን ፎቶግራፍ በስካነር በኢንች 600 ነጥብ አድርገን አነሣናት። ይህም ልክ 9 በ12 የነበረችውን 18 በ24 አድርጎ፣ በኢንች 300 ነጥብ ለማተም ይበቃል። ፊቱን ማንም እንዳይነካው ብዬ ለመንሁ፤ የተነካው የተላጠው ጠርዝ ብቻ ነው። ከግራ ዓይኑ በታች አንዲት ጥቁር መስመር ነበረች። እትዬ የወረቀቱ እድፍ ናት ስትል፣ ታናሽ ወንድሜ የጥላ ነገር ነው ይል ነበር። በሁለተኛው ቤት ያለው ጐልማሳም እድፍ መስላው ሳይሆን አይቀርም አጥፍቷት ነበር።

ወረቀቱ ከመኪናው ቀስ ብሎ ሲወጣ እናታችን በአጠገቤ ቆማ ነበር። መጀመሪያ ግንባሩ፣ ቀጥሎ ዓይኑ መጣ። በጕንጩ ላይ ያለው ግራጫ እንደ መሰላሉ ደረጃ በደረጃ ተለይቶ ስለ ታተመ፣ መስመሯ በቈዳው ላይ ጐድጐድ ብላ ታየች። እናታችን ጣቷን ወደ ወረቀቱ ዘርግታ ሳትነካው፣ «ይቺማ ጠባሳው ናት። እኔን ሳያገባኝ በፊት ወይፈን ሲያስር በቀንዱ ቦጭሮት ነው። ሁልጊዜ ሲያፍር በጣቱ ይሸፍናት ነበር» አለች። እኔ አርባ አምስት ዓመት ሲሆነኝ አባቴ የሚያፍር ሰው እንደ ነበረ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እትዬም ዝም ብላ ቆየችና፣ ሲያፍር ጣቱን ወደዚያ ያመጣ እንደ ነበረ እርሷም ትዝ እንዳላት ተናገረች።

ስድስቱን ቅጂ በጥጡ ወረቀት አተምን፤ የእትዬን ብቻ በሚያንጸባርቀው ደገምንላት። በያንዳንዱ ጀርባ ስሙንና የተነሣበትን ዓመት በእርሳስ ጻፍሁ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ዘልቆ ሊታይ ይችላልና። አዲስ የታተመ ወረቀት አንድ ቀን ያህል ሳይሸፈን ከደረቀ በኋላ በመስተዋት ይገባል።

ፒግመንት ቅንጣት ስለ ሆነ መኪናው ሳይሠራ ሲሰነብት በመርጫው ቀዳዳ ላይ ይደርቃል። የአዲስ አበባ የበጋ አየር ደግሞ ደረቅ ነው። መርጫው በካኖን ፕሮ 1000 በባለቤቱ እጅ ወጥቶ ይለወጣል፤ በኤፕሰን ግን ከመኪናው ጋር የተሰካ ነውና የባለ ሙያ ሥራ ይሆናል። ስለዚህ በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ወረቀት ማተም ያስፈልጋል። ለእኛ ደግሞ የምናትመው የቤታችን ፎቶግራፍ አለቀብን። ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤቶቻችን የየወላጆቻቸውን ፎቶግራፍ እንዲያመጡ ነገራቸው፤ የወረቀቱን ዋጋ ብቻ ይከፍላሉ። ባለፈው ቅዳሜ የመጣችው በ1949 ዓ.ም. የተነሣች የአንዲት ሙሽራ ፎቶግራፍ ናት፤ ካባዋ ጥቁር፣ ዓይነ ርግቧ ነጭ ነው። በካባው ላይ ያለው የወርቅ ጥልፍ በጥጡ ወረቀት ጠፋብን፣ በሚያንጸባርቀው ደግሞ ዓይነ ርግቡ ከረረብን፤ ለፊታችን ቅዳሜ ባሪታውን እንሞክራለን።